የእኔ ያልሆኑ ጣቶች

ማክሰኞ፣ ማርች 4፣ 1975 — ሌክሲንግተን፣ ኬንታኪ

ዝናብ። ጠዋት የምሠራበት ሱቅ ገብቼ ጨርቅ ስቆርጥ አረፈድኩ። አንዲት ሴትዮ ለመጋረጃ ብላ ቢጫውን ጨርቅ ከላይኛው መደርደሪያ አስወርዳ፣ አስዘርግታ፣ አስለክታ፣ በመጨረሻ «ባሌን ልጠይቅ» ብላ ወጣች። መልሼ ጠቀለልኩ። ምን ይደረግ…

ከሰዓት የባንዳችን ልምምድ። የሎዌል ጋራዥ እንደ ሁልጊዜው ቤንዚንና እርጥብ ውሻ ይሸታል። ድዋይት ማንዶሊኑን፣ ያቺን ባለ ስምንት ክር ትንሽ መሣሪያውን፣ ታቅፎ አዲስ ነገር ይዞ መጣ። ሰባት ምት ያለው ዜማ። «አትቁጠሩት፣ ዝም ብላችሁ ተሳፈሩበት» ይላል ጸጉሩን ወደ ኋላ እየወረወረ። ሎዌል ባንጆውን፣ ያን ከበሮ መሰል ባለ ክር መሣሪያውን፣ ጭኑ ላይ አስተኛና፣ «እኔን አባቴ ያስተማረኝ እስከ አራት ነው፤ ከዚያ በላይ ሌላ ትምህርት ቤት ፈልግ» አለው። ሳቅን።

ሰባቷን ቀድሜ የያዝኳት እኔ ነኝ። የምመታው ባስ፣ ያ ቁመቴን የሚያህል ባለ ክር እንጨት፣ ዝቅ ብሎ መንገዱን ሲያሳይ ሌሎቹ ገቡበት። ድዋይት ጮኸ፤ «ጋርኔትን ስሙ! እሷን ተከተሉ!» ወንድሜ አርቬል ግን ጊታሩን መቃኘት ጀመረ። ሰው ሌላ ሰው ሲያመሰግን ሁልጊዜ ጊታሩ ከቅኝት ይወጣበታል።

ሐሙስ፣ ማርች 13

ዛሬ ሆቴሉ ባር ስንጫወት ከናሽቪል አንድ ሰውዬ መጥቶ ነበር። ሚስተር ክሩ ይባላል፤ ሸክላ የሚያሳትም ትንሽ ኩባንያ አለው። ፊት ለፊት ተቀምጦ አንዴም ሳያጨበጭብ ሰማን። በእረፍት ሰዓት ከአርቬል ጋር አወራ፣ ከሎዌል ጋር አወራ፣ ከድዋይት ጋር ረጅም አወራ። እኔ ጋ ሲደርስ ጉንጬን ቆነጠጠኝ።

ሠላሳ ዓመቴ ነው። ጉንጬን!

«ወንድምና እህት ስትዘፍኑ…» አለ፣ ጣቱን አየር ላይ እያወዛወዘ። «ይሄ ነው ሽያጩ። ሁለቱ ድምፆች አንድ ጉሮሮ ነው የሚመስሉት።»

ስለ ባሱ ምንም አላለም። ቆይ፣ ምን እንዲል ነበር የፈለግኩት?

እሑድ፣ ማርች 30

ፋሲካ። እማዬ ቤት ሄድን፣ አርቬልና እኔ። ጅረቱ ሞልቶ መንገዱን ሊቆርጠው ትንሽ ነው የቀረው። ጅረታችን ትራብልሰም ነው የሚባለው፣ አስቸጋሪው እንደማለት፤ የባንዱን ስም ከሱ ነው የወሰድነው። እማዬ ስሙን አልወደደችውም። «እኔ አርባ ዓመት ቤቴን ውኃ ሲያስገባብኝ የኖረውን ጅረት ሰው መድረክ ላይ ያጨበጭብለታል?» ትላለች።

ናሽቪል ሄደን ለሚስተር ክሩ ሸክላ ልንቀዳ መሆኑን ነገርናት። ከሰማች በኋላ የፋሲካውን የአሳማ ሥጋ እየቆረጠች፣ «የጸጉራሙንም ሙዚቃ?» አለች። የድዋይትን ማለቷ ነው።

«የሱም አለበት፣ እማዬ» አለ አርቬል። «የኛ የገጠሩ ሙዚቃ፣ ብሉግራስ፣ እየተቀየረ ነው። ወጣቱ ሌላ ነው የሚፈልገው። ሰው ሁልጊዜ አያቱ ጓዳ አይቀመጥም።»

«የአያትህ ጓዳ ምን ጎድሎት?» አለችው። ስንመለስ መኪና ውስጥ እስከ ቤት ድረስ ዘፈንን። እኔ ሁለተኛውን ድምፅ። ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲህ ነው፤ እሱ ሲከፍት እኔ የት እንደምገባ አስቤ አላውቅም።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 18

ከናሽቪል ትናንት ማታ በአውቶቡስ ተመለስኩ። ወንዶቹ እዚያ ቀሩ።

ቀረጻው ሄደ። ጥሩ ሄደ ማለት ይቻላል? ክሩ ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ ሁለቴ አስቆመን። «ባስ! ትንሽ እንቅስቃሴ ስጭኝ፣ የኔ አሻንጉሊት፣ እንቅልፍ መጣብኝ።» እኔ ባዶ ቦታ እተዋለሁ። ሁልጊዜ። ባንጆው ሲንጫጫ አንድ ሰው ዝም ማለት አለበት። ይህን ላስረዳው ሞከርኩ። «ቆንጆ ነው፣ ቆንጆ ነው» ብሎ ወደ ቴፑ ዞረ።

ትናንት ምሳ ላይ ክሩ፣ «ያንቺ አለቀ። ከዚህ በኋላ ድምፅ ማስተካከል ብቻ ነው፤ ይሰለችሻል» አለኝ። አርቬልም «ሂጂ እህት ዓለም፣ አለቃሽን አታስቀይሚ» አለ። ባሴ ከነሱ ጋር በመኪና እንደሚመጣልኝ ነገረኝ።

ዛሬ ሐር ቆረጥኩ። ከባሱ ክር የጠነከረው የጣቶቼ ቆዳ ሐሩን እየያዘ አስቸገረኝ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 8



ሸክላው መጣ። ሎዌል ቤት ተሰበሰብን። ሚስቱ ኦፓል ዱባ ጠብሳለች፣ የበቆሎ ዳቦ ጋግራለች፣ ጠረጴዛው ላይ አበባ ሳይቀር አድርጋለች። ሽፋኑ ላይ አራታችንም አለን፣ ከአንድ አሮጌ የትምባሆ ማድረቂያ ጎተራ ፊት ለፊት። እኔ ባሴን ይዤ መሃል ላይ። ጥሩ ነው የወጣሁት፣ ምን ልዋሽ።

የመጀመሪያው ዘፈን ተጫወተ። የሆነ ነገር ቅር አለኝ… የሸክላ ማጫወቻው ነው አልኩ። ሁለተኛው። ሦስተኛው ላይ ባሱ ከታች ተነስቶ እየተንሸራተተ፣ እንደ ድመት ወደ ላይ ወጣ። ዱዉዉም… ኦፓል «ጋርኔት! ይቺን መቼ ተማርሻት?» ብላ ጭኔን መታችኝ።

እኔ እንዲህ አልመታም። መትቼም አላውቅም።

የማጫወቻውን መርፌ አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩ። ዱዉዉም። ቀና ብዬ አየኋቸው። ሎዌል ወለሉን። ድዋይት መስኮቱን። አርቬል ዳቦውን።

«ማነው ይሄ?» አልኩ።

ዱባው እየቀዘቀዘ ዐሥሩንም ዘፈን ቆሜ ሰማሁ። ድምፄ አለ፣ ከአርቬል ድምፅ ሥር፣ ያለ እንከን። ጣቶቼ ግን የሉም። አንዱም ዘፈን ላይ የሉም።

ረቡዕ፣ ጁላይ 9

ሽፋኑ ጀርባ ላይ «ባስ፦ ጋርኔት ሳይዝሞር» ይላል። ውሸታም ሸክላ!

ዓርብ፣ ጁላይ 11

አርቬል ሱቅ ድረስ መጣ። አለቃዬ እያየች ስለነበር በር ላይ ቆመን አወራን።

«ክሩ ነው» አለ። «እኛ ከወጣን በኋላ አንዱን አስጠርቶ አስመታው። እኔም እንዳንቺ አሁን ነው የሰማሁት። በእማዬ እምልልሻለሁ።»

«በእማዬ?»

«በእማዬ!»

አመንኩት። ወንድሜ ነዋ። «ደውልና ስሜን ይፋቅልኝ» ስለው፣ «ታትሟል እኮ፣ እህት ዓለም» አለ። «ሰውስ በምን ያውቃል?»

እኔ አውቃለሁ። እኔ ሰው አይደለሁም?

ሰኞ፣ ጁላይ 21

ይሄን ደግሞ ስሙ።

ክሩ ለአርቬል ደወለለት። ሸክላው ሬዲዮ ላይ እየተሰማ ነው፣ ክረምቱን ሙሉ ፌስቲቫል ላይ ፌስቲቫል ተይዞልናል። ግን «መድረክ ላይ እንደ ሸክላው ይሁን» ብሏል። ሰው ቤቱ የሰማውን ነው መስማት የሚፈልገው ብሏል።

«ታዲያ እኔ…?» አልኩ።

አርቬል ጉሮሮውን ጠረገ። «አጥኚው።»

አጥኚው! የሰውዬውን ጣቶች አጥኚ! ማንነቱን እንኳ የማላውቀውን፣ ቦታዬን የወሰደውን ሰውዬ እንደ ልጅ ትምህርት ቁጭ ብዬ ላጥና!

ድዋይት ሲጋራውን እየጠቀለለ፣ «በሌላ ዓይን ካየሽው እንደ አዲስ ልምድ ነው» አለ። ይሄ ነው ብሉግራስን ከእስር እናስፈታለን የሚለው። ይሄ ነው የነፃነት ሰው! ባንጆው እጄ ላይ ቢሆን ኖሮ ጭንቅላቱ ላይ ነበር የምሰብርለት። የሎዌል ስለሆነ ብቻ ተውኩት።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 26

መርፌ አንሺ፣ መርፌ አስቀምጪ። መርፌ አንሺ፣ መርፌ አስቀምጪ።

የሚያናድደው ሰውዬው ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ። ብጠላው በወደድኩ። ግን ዝም የሚል ቦታ አያውቅም። እኔ ትንፋሽ የምተውበት ቦታ ሁሉ እሱ ይሞላዋል።

ያዝኩት ግን። ሁሉንም ያዝኩት። ለምን? እንጃ። ይቅርብኝ ብል ኖሮ ክሩ «አላልኳችሁም?» ይል ነበር። ለዚያ ብዬ ሳይሆን አይቀርም።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 16 — ቨርጂኒያ

ፌስቲቫል። የላም ግጦሽ ላይ። ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚት። ፊት ለፊት ሽማግሌዎቹ ታጣፊ ወንበራቸውን ደርድረው፣ ከጎን ወጣቶቹ ባዶ እግራቸውን ጭቃ ውስጥ እየጨፈሩ። አርቬልና እኔ ስንዘፍን ሁሉም ተስማሙ። ድዋይት ያቺን ሰባት ምቷን ጀምሮ ማራዘም ሲጀምር ግን አንድ የመጀመሪያው ረድፍ ሽማግሌ ተነስቶ ወንበሩን ወደ ኋላ አዞረና ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ። ከዚያ ጎረቤቱ። ከዚያ ሚስቱ።

«እናንተ ልጆች ቀበቶና መቀስ ያስፈልጋችኋል!» ብሎ የጮኸም ነበር። ሎዌል ማይኩ ላይ ጠጋ ብሎ፣ «ቀበቶውን ለድዋይት፣ መቀሱን ለኔ ላኩልኝ፤ የባንጆዬ ክር ረዝሞብኛል» አላቸው። ጀርባቸውን የሰጡት ሳይቀሩ ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ሎዌል ባይኖር ኖሮ ይሄ ባንድ ድሮ ነበር የሚሞተው።

ከመድረክ ስንወርድ አንድ ሰውዬ ሸክላውን ይዞ መጣ። የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነው፣ ዱቄቱ ቅንድቡ ላይ አለ። ከሁሉም አልፎ እኔ ጋ።

«እመቤቴ» አለ ኮፍያውን አውልቆ፣ «ሦስተኛው ዘፈን ላይ ያቺ ባስ… ልጄ ሆስፒታል በነበረች ጊዜ ቀንና ሌት እሷን ነበር የምሰማው። ዱዉዉም የምትለዋን። ይፈርሙልኝ።»

ምን ልበለው? አፌን ከፈትኩ። ያ ፊት… እንዴት አድርጌ ነው «እኔ አይደለሁም» የምለው?

ፈረምኩለት። በራሴ ስም። ከዚያ ከመኪናችን ጀርባ ሄጄ አስታወከኝ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11 — ናሽቪል

ምን ላድርግ? ከየት ልጀምር?

ቀስ ብዬ ልጻፈው። ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ድምፅ እየሞከርን ነበር። ወንዶቹ ሊበሉ ወጡ፤ እኔ የባሱን ክር ልቀይር ቀረሁ። መነጽር ያደረገ፣ ካፖርቱን ክንዱ ላይ የጣለ ጎልማሳ ሰውዬ ከኋላው በር ገባ። ቀስ ብሎ መጥቶ፣

«ሚስ ሳይዝሞር? ሆላንድ ስፓይቪ እባላለሁ» አለ። «እጅሽ ዳነልሽ?»

«የትኛው እጄ?»

«የተሰበረው።»

ሳቅኩ። «ተሰብሮብኝ አያውቅም።»

ሰውዬው ቀኝ እጄን አየ፣ ግራዬን አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ ሲጠፋ በዓይኔ አየሁት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ኤፕሪል ላይ ሸክላችሁ ላይ ባስ የመታሁት እኔ ነኝ» አለ። «እጇ ተሰብሯል፣ ቤቷ ሆና ታለቅሳለች፣ ለሷ ስትል ቶሎ ጨርስልን ተባልኩ። ለዚህ ነው ስሜ ይጻፍልኝ ሳልል የመታሁት። ለተሰበረ እጅ ነው የመታሁት… ስምሽ እንዲቀር ያልኩትም እኔ ነኝ።»

«ማነው እንዲህ ያለህ? ክሩ?»

«ክሩማ ቃል አልተነፈሰም። ወንድምሽ ነው። ከጎኔ ቆሞ፣ የት የት እንደምትገቢ እያሳየኝ… ቡና እንኳ ያመጣልኝ እሱ ነበር።»

በእማዬ እምልልሻለሁ። በእማዬ!

ሰውዬው ተነስቶ ካፖርቱን እያገላበጠ ይቅርታ ጠየቀኝ። ምንም ያላጠፋው ሰውዬ! በሕይወቴ ይቅርታ የጠየቀኝ ወንድ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ልቆጣው ፈልጌ አቃተኝ። «ጥሩ ነው የመታኸው» አልኩት። እውነቴን ነው። ሲወጣ ባሴን ነካ አድርጎ ሄደ።

አርቬልን መኪና ማቆሚያው ላይ አገኘሁት፣ ሳንድዊች በእጁ።

«እጄ ዳነልኝ» አልኩት።

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ገባው። ሳንድዊቹን መልሶ ወረቀቱ ውስጥ ጠቀለለ፤ ቀስ ብሎ፣ ሕፃን እንደሚጠቀልል ሰው።

«ክሩ እኮ ወይ እሷን ቀይር ወይ ሸክላ የለም አለኝ። ምን ላድርግ? ዐሥራ አንድ ዓመት ባር ለባር ስንንከራተት…»

«ልትነግረኝ ነበር የሚገባህ!»

«ብነግርሽ ትሄጂያለሽ!»

«አዎ፣ እሄዳለሁ!»

«ታዲያ! ድምፅሽን እንፈልገው ነበር።»

በቃ። ይሄው ነው። እንዳላዝን ብሎ አይደለም። እንዳላፍር ብሎ አይደለም። ድምፄን ፈልጎ ነው። ሰውነቴን ከፋፍለው የሚጠቅማቸውን ወስደው የቀረውን በአውቶቡስ ላኩት።

ያኔውኑ መሄድ ነበረብኝ። ግን መድረኩ ላይ ወጣሁ፤ ዘፈንኩም፣ የስፓይቪንም ጣቶች አንድ በአንድ መታሁ። ሰው ተነስቶ አጨበጨበ። አርቬል እጄን ይዞ ጎንበስ ሊል ሲል እጄን ነጠቅኩት።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14 — ኖክስቪል

ዛሬ እንደ ራሴ መታሁ።

ለማንም አልነገርኩም። የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ፣ ተማሪዎች ጢም ብለው ሞልተዋል። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ድመቷ የምትወጣበት ቦታ ሲደርስ… ዝም አልኩ። ባዶ ተውኩት። አርቬል ወደ እኔ ዞረ። ሎዌል ጥርሱ እስከ ጆሮው ታየ፤ ባንጆውን እዚያች ባዶ ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ጠብ አደረጋት። አቤት! ድዋይት ግራ ገብቶት ምቱን ሳተ፣ ደግሞ ያዘ። ድምፄን ግን አልነፈግኳቸውም። የዘፈንኩት እስከ ጣራው ድረስ ነው።

ተማሪዎቹ ልዩነቱ ገባቸው አይባልም። እኔ ግን ከኤፕሪል ጀምሮ ታፍኜ የነበርኩ ያህል አየር አገኘሁ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15

ቁርስ ቤት። እንቁላል፣ ግሪትስ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ።

«ትናንት ያደረግሽው ክህደት ነው» አለ አርቬል በመጨረሻ።

ክህደት! ዓይኑን በጨው አጥቦ!

«ከዛሬ ጀምሮ እንደ ራሴ ነው የምመታው» አልኩ። «ወይ እንዲህ፣ ወይ ያለ እኔ። ተመካከሩ።»

«ለምን እንመካከራለን? እጅ እናውጣ» አለ። በዚያ አስተናጋጇ ቡና እየቀዳች ባለችበት። «እንደ ሸክላው ይሁን የሚል?»

የራሱን አወጣ። ሎዌል ሁለቱንም እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ «እኔ ከዚች ልጅ ጋር ነኝ፤ ይሄን ለመናገር እጅ ማውጣትም አያስፈልገኝ» አለ። ሁላችንም ድዋይትን አየነው። የነፃነት ሰው። ሽሮፑን እያማሰለ፣ «ሁለተኛ ሸክላ ቃል ተገብቶልናል፣ ጋርኔት…» አለና እጁን አወጣ። ሙሉ እንኳ አይደለም። እስከ ጆሮው።

ሁለት ለሁለት። አርቬል ግን፣ «ባንዱን የመሠረትኩት እኔ ነኝ» አለ።

ተነሳሁ። ባሴን ከመኪናው ላይ አወረድኩ። ያንን የሚያህል እንጨት ታቅፌ አውቶቡስ ጣቢያ ስጠብቅ ያላየኝ የኖክስቪል ሰው የለም። አንዱ፣ «ይሄም ትኬት ይቆረጥለታል ወይ?» አለኝ። «ከሱ በፊት ለወንድሜ ነበር የቆረጥኩት» አልኩት። ምን ለማለት እንደፈለግኩ እኔም አላውቅ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 2

እማዬ ደወለች።

«ያው ወንድምሽ ነው፣ ይቅር በይው።»

«ይቅርታ የጠየቀኝ የለም እኮ፣ እማዬ።»

«እሱ መጠየቅ አይችልበትም። አባቱም አይችልበትም ነበር።»

«ታዲያ እኔ ልጠይቅለት?»

ወሬ ቀየረች። ስለ ቤቷ ድመት አወራችኝ።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 17፣ 1976

ሱቁ ውስጥ ሬዲዮው ተከፍቶ ነበር። ትራብልሰም። ሁለቱ ድምፆች ሲነሱ መቀሱ እጄ ላይ ቆመ። አለቃዬ፣ «አንቺ እኮ ነሽ! ከፍ ላድርገው?» አለች።

«አጥፊው።»

አጠፋችው። ቀኑን ሙሉ በጥንቃቄ አናገረችኝ፣ ሰው እንደሞተበት ሰው። ዐሥራ ሁለት ሜትር ሰማያዊ ጨርቅ አጥብቤ ቆርጬ አበላሸሁ።

አርቬልን ሳስብ ጥርሴ ያመኛል። እውነት፣ ያመኛል። ማታ ማታ ሳላውቀው ነው የምነክሰው መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ሜይ 6

ሎዌል መጣ፣ ባንጆውን አንግቶ፣ ኦፓልን አስከትሎ።

ከባንዱ ወጥቷል። በእኔ ቦታ ያስገቡት ልጅ ባሱን ይችላል፣ እንደ ሸክላው ይመታል፣ ሁለተኛውን ድምፅ ግን ድዋይት ነው የሚዘፍነው። «በር ሲንቋቋ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ ሎዌል። «በሩ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የተማረ።» ከወራት በኋላ ዛሬ ገና ሳቅኩ። ሁለተኛው ሸክላ ወጥቷል፤ የሚሰማው የለም። ክሩ ስልክ አያነሳም።

ከዚያ ሎዌል ሳቁን አቁሞ፣ «እኔም ኤፕሪል ላይ እዚያ ነበርኩ» አለ። «እጅሽ ተሰበረ ሲል ቆሜ ሰምቻለሁ። ዝም አልኩ።»

«አውቃለሁ» አልኩት። «ወለሉን ስታይ ነው ያወቅኩት።»

«ቂም ይዘሽብኛል?»

«አዎ።»

«ጥሩ» አለ። «ኦፓልም ይዛብኛለች። አሁን አንድ ነገር እንምታ?»

ኦፓል ጊታር እንደምትችል ማን ያውቃል? ወጥ ቤት ውስጥ ሦስታችን… ምድጃው ላይ ባቄላው እስኪያር ድረስ አላቆምንም።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 19

ትራብልሰም አለቀ። ድዋይት ጓዙን ጠቅልሎ ኮሎራዶ ሄደ። አዲስ ባንድ፣ ከበሮም ጭምር። ይመቸው። አርቬል ጎማ መጠገኛ ቤት ተቀጥሯል አለች እማዬ።

ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት እኮ ነው… የኔም ነበር። ለዚህም ተናደድኩበት። የራሱን ብቻ መስሎት የኔንም ገደለው።

እሑድ፣ ኖቬምበር 21

ስልክ። ድምፁን ሳልሰማ በትንፋሹ አወቅኩት።

«እህት ዓለም…»

«እንደሱ አትበለኝ።»

«እሺ፣ ጋርኔት» አለ። «ክሩ ደወለ። ሁለታችን ብቻ ብንሆን፣ የወንድምና እህት ሸክላ፣ አወጣለሁ ይላል። ባሱን አንቺው ትመቺያለሽ፤ በወረቀት ላይ ይጻፍልሽ። ምን ትያለሽ?»

ከዓመት በፊት ቢሆን ስልኩን ግድግዳው ላይ እከሰክሰው ነበር። ዛሬ ምን እንደነካኝ… ቁጣው አለ፣ ያው እዚያው ነው፤ ግን አላንቀጠቀጠኝም።

«አልዘፍንም፣ አርቬል። ካንተ ጋር አልዘፍንም» አልኩት። «ሐሙስ የምስጋና ቀን ነው። እማዬ ትጠብቅሃለች። እራት ና። ጊታርህን ግን ይዘህ እንዳትመጣ።»

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 25

መጣ። ባዶ እጁን። በሩ ላይ ሲቆም እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋበት፤ ኪሱ ከተተ፣ አወጣ፣ ደግሞ ከተተ። ጥፍሩ ሥር የጎማ ጥቁረት አለ።

እማዬ የበዓሉን ተርኪ ዶሮ ከበላን በኋላ፣ «እስቲ አንድ መዝሙር…» አለች። «ዛሬ አይሆንም እማዬ» አልኩ። አኮረፈች። ታኩርፍ።

ዕቃ ሳጥብ እሱ ያደርቅ ነበር። አንዱን ሳህን ያለ መጠን ሲወለውል ቆይቶ፣ ለሳህኑ እንጂ ለእኔ የሚናገር ሳይመስል፣

«ፈርቼ ነው» አለ። «ክሩ ባሱ ደካማ ነው ሲለኝ ልነግረው ይገባኝ ነበር። ደካማ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ለምን እንዳልነገርኩት… አንቺ ሁልጊዜ ቀድመሽ ነው የሚገባሽ። ትንሽ ደስ ብሎኛል መሰለኝ። እንዲያ ሲልሽ።»

ውኃውን ዘጋሁት።

«ስፓይቪን ስዋሸው ቡናውን እያቀበልኩት ፈሰሰብኝ። በእማዬ የማልኩት ደግሞ… ይቅር በይኝ፣ ጋርኔት።»

ይህን ቃል ስጠብቅ ስንት ነገር ሰብሬያለሁ። ሲመጣ እንዲህ ትንሽ ነው ለካ? በቆመበት፣ በእርጥብ ጨርቅ?

«ገና አልጨረስኩም» አልኩት። «ተናድጄ ገና አልጨረስኩም።»

«እሺ» አለ።

«ቅዳሜ ከሰዓት እሳት አደጋው አዳራሽ እንጫወታለን። እኔ፣ ሎዌልና ኦፓል። ከፈለግክ መጥተህ መቀመጥ ትችላለህ።»

«መቀመጥ?»

«መቀመጥ።»

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 27

ለአዲስ የእሳት አደጋ መኪና ገንዘብ ማሰባሰቢያ ነበር። አዳራሹ ቺሊ የሚሉት የባቄላና የሥጋ ወጥና የሰው ካፖርት ይሸታል። አርቬል መጣ፤ ታጣፊ ወንበር ስቦ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከአንዲት ሹራብ ከምትሠራ ባልቴት አጠገብ ተቀመጠ።

ግማሽ ላይ ስንደርስ ከኋላ አንዱ አወቀው። «አርቬል ሳይዝሞር! ኧረ ከእህትህ ጋር አንድ በሉን እንጂ!» ሌላው ቀጠለ። ከዚያ ጭብጨባ፣ እግር ማንኳኳት። ባልቴቷ ሳትቀር በሹራብ መርፌዋ ጎሸመችው፤ «ተነስ እንጂ አንተ፣ ምን ትሽኮረመማለህ?»

ከወንበሩ ግማሽ ተነሳ። ያ መድረክ ላይ ሲወጣ የሚያደርገው ፈገግታ ፊቱ ላይ መጣ፣ ለምዶበት። ከዚያ እኔን አየኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ። አይሆንም።

አዳራሹ ሙሉ እያየው ነበር። አንዲት ቃል ቢናገር ሰው ከሱ ጋር ነበር የሚሆነው፣ ያውቀዋል። እጁን አነሳና፣ «ዛሬ ለመስማት ነው የመጣሁት» አላቸው። ተቀመጠም። ባልቴቷ ተበሳጭታ ወደ ሹራቧ ተመለሰች።

ሎዌል ቀጣዩን ጀመረ፣ ኦፓል ገባች፣ እኔ ገባሁ። ዝም የምልበት ቦታ ላይ ዝም አልኩ። አርቬልን አየሁት፤ ዓይኑ ጣቶቼ ላይ ነው። ሲያያቸው የመጀመሪያው ነው መሰለኝ። ጊታሩን ይዞ፣ ጀርባውን ለእኔ ሰጥቶ፣ ያን ሁሉ ዓመት ከፊት ቆሞ የት ያየኛል?

ሰው ተበትኖ ወንበር ስናጣጥፍ መጥቶ ባሱ አጠገብ ቆመ። የባሱን አንገት ይዞ ትከሻው ላይ አነሳው። ዐሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንዞር አንድ ቀን ተሸክሞት አያውቅም። በሩ ላይ ሊያጋጨው ሲል፣ «ቀስ! አዘንብለው!» ብዬ ጮህኩበት። አዘነበለው። እስከ መኪናዬ ድረስ ተሸክሞት እያለከለከ ወጣ።

«ከባድ ነው» አለ።

«አዎ» አልኩት።